አርባ ሊትር

ስልክ ደወሉና፣ «ሽንት ቤት እይልኝ፣
ከፍልውሃ ጀርባ ነው፤ ዛሬውኑ ድረስልኝ።»
መፍቻና ፋሼታ በጆንያ ቋጥሬ
ከሠራተኛ ሰፈር ወረድኩ በእግሬ።

በሩ ገርበብ ሲል ግን ያየሁት ሌላ ነው፤
ከልብስ ማስጫው ሥር፣ በርሜል ተደግፎ የቆመው
ጀልባ ነው።
ባለ ሸራ ጀልባ፣ ምሰሶው ተጋድሞ፣
ገና ውሃ ሳይነካ አቧራ ተሸልሞ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጣውላ በጣውላ፣
ጋሽ ምናሴ ሠሯት፣ ጡረታቸውን ስትበላ።
ሰፈሩ «ኖኅ» ይላቸዋል፤
እሳቸውም «ዝናቡ ካሳንቺስ ደርሷል» እያሉ ይመልሱለታል።

«ላንጋኖ ትሄዳለች። ሽንት ቤቷ ግን ጉድለት አለው፤
የገባው ሁሉ የሚጠራቀምበት ጋን ነው የምፈልገው።»
ጋን? ሮቶ አይታሰብ! ጀልባዋ ከነሆዷ
ከሚኒባስ አትረዝም፤ ጎንበስ ተብሎ ነው መንገዷ።

ከፊት፣ አፍንጫዋ ሲጠብ፣ ከአልጋው ሥር፣
በደረቴ ተስቤ ለካሁ በስንዝር።
አንድም ቀጥ ያለ ግድግዳ የላት፣
ጎኗ ሁሉ ጎባጣ፣ እንደ ዓሣ ናት።
የፓስታ ካርቶን ቀድጄ
ገጠምኩት፣ ከረከምኩት፣ ሽቅብ ወጣሁ ይዤ፤
አስበየድኩ ከማይዝግ ላሜራ
አርባ ሊትር የሚይዝ፣ ሳምቡሳ የመሰለ ሥራ።

በማግስቱ ተሸክሜው ብመጣ
በበሯ አልገባ አለ፣ ባዞረው ባዞረው፣ ላቤ እስኪወጣ።
አልጋውን ለክቼ በሯን ረሳሁት!
ተመልሼ ሄድኩ፤ ለሁለት አስቆረጥኩት።
ሃያ ሊትር፣ ሃያ ሊትር፤ መንታ ሆኖ አረፈው፤
በወፍራም ቱቦ አያያዝኩት፣ እትብት መሰለኝ፣ እንግዲህ ማን ይለየው።

ከዚያ ፋሼታ፣ በየጫፉ ሁለት ሁለት፤
«አንዱ ቢላላ ሌላው ይያዝ» ይላሉ፣ ባትሪ ይዘው ከኔ ፊት።
የአየር ቱቦ ወደ ላይ፣ ጎኗን በስቼ አወጣሁ፤
«ሰውም ጋንም ካልተነፈሰ ይፈነዳል» ሲሉ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ቫልቭ ልግጠምልዎ? አንዴ ዘወር ሲያደርጉት
በሆዷ ወደ ሐይቁ ይፈሳል፤ ማንስ ሊያይዎት?»

ዝም አሉ።
የእጃቸውን ጨርቅ አጠፉት፣
ዘረጉት፣ ደግመው አጠፉት።
«ምጽዋ» አሉ።
«ባሕር ኃይል ሳለሁ፣ የመርከቧን ቫልቭ የምከፍተው እኔ ነበርኩ።
አንድ ጠዋት፣ ወደብ ላይ፣ እንደ ልማዴ ከፈትኩ።
ከሥራችን ልጆች ነበሩ፣ ሳንቲም ሲወረወር የሚጠልቁ፣
በጥርሳቸው ነክሰው ብቅ ሲሉ የሚስቁ።
አላየኋቸውም።
አንዱ ብቅ አለ።
ሳንቲሙ በጥርሱ ነው። ቀና ብሎ አየኝ።
ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ዛሬም ቀና ብሎ ያየኛል።»

ቫልቩን ወደ ጆንያዬ መለስኩት፤
የሆዷን ቀዳዳ በጣውላና በሙጫ ደፈንኩት።

ውሃ ሞላን። አንዱ ፋሼታ አለቀሰ፤
ግማሽ ዙር አጠበቅሁት፣ እንባውን አበሰ።

«ላንጋኖ ላይ ሲሞላ ማን ይመጥጥልዎታል?»
«ማንም። ይዤው እመለሳለሁ፤ ጋኑ ይችለዋል።»
«ወዴት ነው 'ሚመልሱት?»
አጥሩን አዩት።

ከአጥሩ ማዶ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ባንተ ይቀጡ ይወርዳል፤
የዚህ ግቢ ቧንቧ፣ የዚያኛውም፣ የሆቴሉም፣ ሌሊት ሌሊት እዚያ ይከፈታል።
ግማሹን የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ በእጥፍ ዋጋ፣
በባትሪ ብርሃን፣ ጎህ ሳይነጋ።

ጀልባዋ ጋን አላት።
ሂሳቤን ቆጥረው ሰጡኝ፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንባት።

ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ኪሴ ውስጥ
አንድ ፋሼታ ተርፎ ጣቴን ይቆረቁራል።
የወንዙን ስም ዕድሜዬን ሙሉ ጠርቼዋለሁ፣
እንደ ሰፈር ስም፣ እንደ ታክሲ መውረጃ፤
ያን ምሽት ግን እንደ ጋኑ ለሁለት ቆረጥኩት፦
ባንተ።
ይቀጡ።

ከሥር ውሃው ይንሿሿል፣ ይሸታል።
ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም።
ጨለማ ስለነበር፣ እርግጠኛ አይደለሁም።